ከድልድዩ ሥር የሚገኝ ትምህርት፡ የአራዳ ወንዞችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

በጂኦግራፊ ትምህርት የወንዝ አፈሳሰስ፣ ጎርፍና ብክለት ለየብቻ ሲቀርቡ በመካከላቸው ያለው ዝምድና ከተማሪው ዓይን ሊሰወር ይችላል። በአዲስ አበባ ከተማ አራዳ ክፍለ ከተማ ግን ሦስቱንም በአንድ ስፍራ አያይዞ ማስተማር ይቻላል። ከፒያሳ አጠገብ የሚገኘው የራስ መኮንን ድልድይ ለዚህ አመቺ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ነው።

በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ጉዞው ከእንጦጦ አቅጣጫ ወደ አቃቂ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ የአቃቂ አካባቢ ከፍታ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ በቁልቁለቱ አፈርና ድንጋይ ይሸረሽራል፣ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስም ያራግፋል። የከተማዋ ወንዞች በመጨረሻ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ስለሚገቡ ደለሉም አብሯቸው ይጓዛል።

የውሃውን መጠን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የወንዙ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ተባዝተው ይገኛል። ለምሳሌ 4 ሜትር ስፋትና 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ወንዝ ላይ የተጣለ ቁራጭ እንጨት 10 ሜትር በ20 ሰከንድ ቢጓዝ፣ በየሰከንዱ የሚያልፈው ውሃ 500 ሊትር ገደማ ይሆናል። በክረምት ጥልቀቱና ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆኑ መጠኑ አራት እጥፍ ያድጋል። ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያና በአስፋልት ላይ ሲወርድ ወደ መሬት ስለማይሰርግ ጎርፉ በአጭር ጊዜ ይደርሳል።

በ1998 ዓ.ም. የክረምት ወራት በድሬዳዋ የደረሰው አደጋ ይህንኑ ያስገነዝባል። በላይኛው ተፋሰስ የጣለው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሚሆነውን የደቻቱን ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት አልፏል።

ብክለትም በዚሁ መንገድ ይጓዛል። በበጋ ውሃው ሲያንስ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ንጹሕ ውሃ አነስተኛ ስለሚሆን ብክለቱ ይበረታል። በአቃቂ ተፋሰስ በዚህ ውሃ የሚለማው አትክልት ተመልሶ ለከተማዋ ገበያ ይቀርባል። ከድልድዩ ሥር የተጣለ ቆሻሻ ከሰው ማዕድ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ትምህርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ልኬቱ በበጋ ወራት፣ በመምህር ክትትልና ውሃውን ሳይነኩ መከናወን ይኖርበታል። ጥልቀቱን ከድልድይ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ መለካት ይቻላል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። ሆኖም ፍሳሹ ከምንጩ ካልቆመ የዳርቻው ውበት ብቻውን ወንዙን አያጠራውም። በመሆኑም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የተፋሰስ ካርታና የዝናብ መረጃ ለትምህርት ቤቶች ቢያቀርቡ፣ ነገ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋው ትውልድ የላይኛው ሰፈር ድርጊት ለታችኛው ሰፈር ዕዳ መሆኑን ከወዲሁ ይረዳል።