ብሬስ ያሳሰረ ሰው እርጎ ቢያዘወትር ጥርሱ አይበላም? እውነቱን እንነጋገር

«ብሬስ አሳስራችኋል? እንግዲያው ፕሮባዮቲክ ውሰዱ፣ ጥርሳችሁ አይበሰብስም» የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች በየስልካችን ይዞራሉ። አንዳንዱ ክኒን ይሸጣል፣ አንዳንዱ እርጎ ይመክራል። ለግምጃ ቤትና ለእንጅባራ ልጅ ደግሞ እርጎ ብርቅ አይደለም። ታዲያ ነገሩ እውነት ከሆነ መድኃኒቱ ጓዳችን ውስጥ ነበር ማለት ነው። እስኪ እንየው።

መጀመሪያ ጥርስ እንዴት እንደሚበላ። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በጥርስ መበስበስ በብዛት ስሙ የሚነሳው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። እኛ ስኳር ስንበላ እሱም ይበላል፣ ከበላ በኋላ አሲድ ይለቃል። የአፋችን ፒኤች ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርሳችን ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ቆይቶ አሲዱን ያበርደውና የጠፋውን ማዕድን በከፊል ይመልሳል። ሥራው በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚካሄድ ማፍረስና መጠገን ነው። ማፍረሱ ሲበዛ ጥርስ ይቦረቦራል።

ብሬስ እዚህ ላይ ችግር ያመጣል። ጥርስ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ቁራጮችና ሽቦው ምግብ ይይዛሉ፣ ብሩሽ እንደልብ አያስገቡም፣ ምራቅም እንደ ድሮው አያጥባቸውም። በዚህ ምክንያት በቁራጮቹ ዙሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይወጣል። የመበስበስ መጀመሪያ እሱ ነው። በደንብ በማይቦረሽ አፍ ውስጥ አንድ ወር አካባቢ ብቻ ይበቃዋል! ብዙ ሰው ግን የሚያየው ብሬሱ ሲወልቅ ነው። ጥርሱ ቀጥ ብሏል፣ በላዩ ላይ ግን አራት ማዕዘን ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ያን ያህል ብር ከፍሎ!

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ስንወስዳቸው ለጤና የሚጠቅሙ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጥሩዎቹ ገብተው ቦታ ይሻሙ፣ መጥፎዎቹ ይቀንሱ። ወንበር በሞላበት ታክሲ ውስጥ አዲስ ሰው እንደማይቀመጥ ማለት ነው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የፊንላንድ ጥናት በሄልሲንኪ የሕፃናት ማቆያዎች ያሉ 594 ሕፃናትን ለ7 ወር ተከታትሏል። ግማሾቹ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለ ባክቴሪያ ያለበት ወተት ጠጡ፣ በተለይ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉት ላይ የጥርስ መበስበስ አደጋው ቀንሶ ታየ። ደስ ይላል። እነዚያ ግን ብሬስ የሌላቸው ሕፃናት ናቸው። ብሬስ ባሰሩ ሰዎች ላይም ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ ጥናት 24 ወጣቶች በቀን 200 ግራም ፕሮባዮቲክ ያለበት እርጎ ለ2 ሳምንት ሲበሉ ምራቃቸው ውስጥ ያለው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ቁጥሩ ወርዷል።

ቪዲዮዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ እንቀጥል።

የባክቴሪያ ቁጥር መቀነስና ጥርስ መዳን አንድ አይደሉም። ኳስ የምታዩ ታውቁታላችሁ፤ 70 በመቶ ኳስ ይዞ 1 ለ 0 የሚሸነፍ ቡድን አለ። ጎሉ ነጩ ምልክት ነው። እሱን በቀጥታ የለካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ብሬስ ያሰሩ 85 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከፊሎቹ ላክቶባሲለስ ሮይተሪ ያለበት የሚመጠጥ ክኒን፣ ከፊሎቹ ባዶ ክኒን በአማካይ ለ17 ወር ወስደዋል። በመጨረሻ በነጭ ምልክቱ ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ላክቶባሲለሶች ራሳቸው አሲድ አምራቾች ናቸው፤ እርጎን የሚያኮመጥጡት እነሱ አይደሉ? በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት መካከልም ዘመዶቻቸው አሉ። ስለዚህ «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚለው ስም የትኛው ዓይነት፣ የት ቦታ፣ በምን መጠን የሚል ጥያቄ አለበት።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። በወይራ በታጠነ ቅል ውስጥ የሚረጋው የእኛ እርጎ ሕያው ባክቴሪያ ሞልቶበታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በእርጎና በሌሎች ባህላዊ የፈላ ምግቦቻችን ላይ ለዓመታት ጥናት ሠርተዋል። ነገር ግን በየቤቱ የሚረጋው የየራሱ ድብልቅ ነው፣ ክኒኑ ውስጥ ካለው የተመረጠ ዓይነት ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። አሬራም ሕያው ባክቴሪያ አለው። አይብ ግን እሳት ስለሚነካው ብዙዎቹ ይሞታሉ። እንጀራም ምጣድ ላይ ያበቃል፤ «እንጀራ ስለምበላ ፕሮባዮቲክ አይጎድለኝም» የምትሉ፣ ይቅርታ።

እንዲያም ሆኖ እርጎ ጠጡ። ካልሲየምና ፕሮቲን አለው፣ ለስላሳ ስለሆነም ብሬስ በጠበቀ ማግሥት ጥርስ ሲያም ከቆሎ ይሻላል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ስኳር አትጨምሩበት፣ ማርም ቢሆን ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ደግሞ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መኮምጠጡ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጾም ላይ ያላችሁም አትጨነቁ፣ ብሬስን የሚጠብቀው ዋናው ነገር እርጎ ስላልሆነ ምንም አልቀረባችሁም።

ዋናው ነገር አሰልቺው ነው፦ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ሲሆን ቱቦው ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት። ጠዋትና ማታ ቦርሹ፤ ብሩሹን ከሽቦው በላይም በታችም አዘንብላችሁ አስገቡ። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉና በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። በጥርስና በሽቦ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ከተገኘች ደግሞ ወርቅ ናት። መፋቂያ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ፤ ጭራው ሽቦው ላይ ተጠላልፎ ቁራጩን ሊነቅለው ይችላል።

ከስኳር መጠን በላይ ደግሞ ድግግሞሹ ይጎዳል። አንድ ብርጭቆ ለስላሳ ከምሳ ጋር መጠጣትና ያንኑ ከሰዓቱን ሙሉ ፉት እያሉ መዋል ለጥርስ ሰማይና ምድር ናቸው። ሁለተኛው ለምራቅ የመጠገኛ ጊዜ አይሰጠውም። ስኳር የበዛበት ሻይም እንዲሁ ነው።

ለእኛ አካባቢ ልጅ ይህ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ብሬሱን አዲስ አበባ ያሳሰረ ሰው ሐኪሙ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀዋል፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ ያልፋል። ብሬስ ከታሰበው በላይ አፍ ውስጥ በቆየ ቁጥር ነጩ ምልክት የሚወጣበት ዕድል ይሰፋል። ቀጠሮ ካለፈባችሁ ለሐኪሙ ደውሉ፣ የጥርሳችሁን ፎቶ በስልክ ላኩለት። እስከዚያ በአካባቢያችሁ ያለ የጥርስ ባለሙያ ጥርሱን አጽድቶ ፍሎራይድ ሊቀባላችሁ ይችላል። ምልክቱ ነጭ ብቻ ሆኖ ሳለ ከተደረሰበት በፍሎራይድ ቆሞ በከፊል ሊደበዝዝ ይችላል፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን መሞላት አለበት።