መህድ አዝ-ዘሀብ፦ ሦስት ጊዜ የተተወው ወርቅ

ከመዲና አል-ሙነወራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሒጃዝ ደረቅ ኮረብታዎች መካከል መህድ አዝ-ዘሀብ የምትባል ከተማ ትገኛለች። መህድ በዐረብኛ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ነው፤ የከተማዋ ስምም «የወርቅ አልጋ» እንደ ማለት ነው። ወርቅ የሚወጣበት ሥፍራ በስፋቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ የሰው ልጅ በተለያዩ ዘመናት እየተወው ተመልሶበታል።

የኮረብታው ዐለት የተሠራው ከ700 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በፈነዱ እሳተ ገሞራዎች ነው። አንዴሳይትና ራዮላይት የተባሉ ዐለቶች፣ እንዲሁም ተጠቅጥቆ ወደ ዐለትነት የተለወጠ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነባብረው ይታያሉ። እሳተ ገሞራ ሲበርድ በውስጡ የቀረው ሙቀት የከርሰ ምድርን ውሃ ያግላል። የጋለው ውሃ በድኝ አማካይነት ጥቂት ወርቅ አሟሙቶ በዐለት ስንጥቆች ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ምድር ገጽ ሲቃረብ ግፊቱ ይቀንስና ይፈላል፤ ድኝ ያዘለው ጋዝ ሲበተንም ወርቁ ከነጭ ኳርትዝ ጋር በስንጥቁ ውስጥ ይረጋል። በመህድ አዝ-ዘሀብ ወርቁ የተገኘው እንዲህ ባሉ የኳርትዝ ሥሮች ውስጥ፣ ከብር፣ ከመዳብ፣ ከዚንክና ከእርሳስ ማዕድናት ጋር ነው።

በሥፍራው የተገኘ ጥንታዊ ከሰል ሲመረመር ቁፋሮው ከዛሬ 3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይካሄድ እንደነበር አመልክቷል። ሥራው ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በዐባሲዮች ዘመን እንደገና አንሰራራ፤ በርካታ ተመራማሪዎችም በቀደምት የዐረብ መጻሕፍት የተጠቀሰው «የበኑ ሱለይም ማዕድን» ይኸው ሥፍራ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላም ጉድጓዶቹ ለብዙ ዘመናት ተትተው ቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው መሐንዲስ ካርል ትዊቸል በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዘመን ወደ አገሪቱ መጣ። ተልእኮው ውሃ መፈለግ ነበር፤ ነገር ግን የማዕድን ሥፍራዎችንም መረመረ። በዚህ መነሻነት የተቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1954 ከ765 ሺህ አውንስ በላይ፣ ማለትም ወደ 24 ቶን የሚጠጋ ወርቅ አመረተ። ከምርቱ ከፊሉ የተገኘው ጥንታውያን ቆፋሪዎች እንደ ውዳቂ ከጣሉት የድንጋይ ክምር ነው። ከዚያም ማዕድኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ።

በ1970ዎቹ የመጡት የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን ትኩረታቸውን በአሮጌው ጉድጓድ ላይ ብቻ አልወሰኑም፤ የወርቁ ሥር በየትኛው ዐለትና በየትኛው ስንጥቅ እንደሚያልፍ መረመሩ። ካርታ አነሡ፤ ናሙና ሰበሰቡ፤ ከዚያም በጥልቀት ቆፈሩ። ከአሮጌው ማዕድን በስተ ደቡብ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ አዲስ የወርቅ ክምችት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1988 ምርት እንደገና ተጀመረ። ቀደምቶቹ የጨረሱት እነርሱ የደረሱበትን ወርቅ እንጂ ኮረብታው የያዘውን ሁሉ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የወርቅ ፍንጭ የተገኘበት ሁሉ የወርቅ ማዕድን ይሆናል ማለት አይደለም። አንድ ቶን ዐለት 5 ግራም ወርቅ ቢይዝ መልካም የሚባል ነው፤ ይኸውም ከ200 ሺህ ግራም ድንጋይ 1 ግራም ማለት ነው። አንድ ናሙና ብዙ ወርቅ ቢያሳይ የናሙናውን ሀብት እንጂ የተራራውን አይመሰክርም። ሥሩ ሊቀጥን፣ ሊቆረጥ ወይም ለቁፋሮ ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ወርቅ ሊይዝ ይችላል። አብዛኞቹ ፍንጮች ከፍንጭነት የማያልፉትም ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ቀይ ባሕር ከመከፈቱ በፊት የሒጃዝ ጥንታዊ ዐለት ከባሕሩ ማዶ ካለው ጋር አንድ አካል ነበር። ይኸው ዐለት እስከ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ ይዘልቃል፤ የኩርሙክ፣ የቱሉ ካፒና የለገ ደምቢ ወርቅም የተገኘው በዚሁ ሰፊ የዐለት ቀበቶ ውስጥ ነው። ወርቁ የረጋበት መንገድ ከሥፍራ ሥፍራ ይለያያል። ይሁን እንጂ በባሕላዊ መንገድ ወርቅ እያጠበ ለሚኖር ቤተሰብም ሆነ ገንዘቡን በፍለጋ ላይ ለሚያውል ባለሀብት የመህድ አዝ-ዘሀብ ታሪክ ትምህርት አለው፦ የአባቶች ጉድጓድ መነሻ ይሆናል፤ ሀብቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው ግን ዐለቱ በትዕግሥት ሲመረመር ነው።