ተተርጉሞ የመጣ የአእምሮ ጤና መጠይቅ የሚታመነው መቼ ነው?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ የሚኖር ሰው በጤና ተቋም ውስጥ አሊያም ለጥናት በመጣ መረጃ ሰብሳቢ ፊት ተቀምጦ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለ ኀዘኑና ስለ ተስፋው ሊጠየቅ ይችላል። መልሶቹ በቁጥር ይሞላሉ፤ ቁጥሮቹም ይደመራሉ። ድምሩ ከተወሰነ ነጥብ በላይ ከሆነ ሰውየው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል፤ በታች ከሆነ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በሥራ ላይ ከሚውሉት መጠይቆች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ የገቡት በትርጉም ነው።

ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ክብደቱ ትልቅ ነው። በሌላ አገር፣ ለሌላ ኑሮ የተዘጋጀ መለኪያ የምዕራብ ሸዋን ገበሬና ከተሜ በትክክል ይለካል ወይ? ስሕተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። በድባቴ የምትሠቃይ እናት «ደህና ነሽ» ተብላ ከተመለሰች ሕመሟ ከእሷ አልፎ ለልጇም ይተርፋል። የዕለት ድካም ብቻ ያለበት ሰው «ሕመምተኛ» ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ላልሆነ ሥጋትና ላላስፈላጊ ምልልስ ይዳረጋል፤ የጥቂቶቹ ባለሙያዎች ጊዜም ይባክናል።

የሚዛኑ ትምህርት

ባለሙያዎች አንድን መጠይቅ በሁለት ነገሮች ይፈትኑታል፤ አንደኛው አስተማማኝነት፣ ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው። የሁለቱን ልዩነት ጤፍ ወደ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አንድ ኩንታል ጤፍ ሦስት ጊዜ ተመዝኖ አንዴ 100፣ አንዴ 94፣ አንዴ ደግሞ 107 ኪሎ የሚያሳይ ሚዛን አስተማማኝ አይደለም። በሌላ በኩል 100 ኪሎውን ጤፍ ሁልጊዜ 95 ኪሎ እያለ የሚመዝን ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ ቃሉን አይለውጥም። ነገር ግን ትክክለኛ አይደለም፤ ገበሬውን በየገበያው አምስት አምስት ኪሎ ያሳጣዋል። ስለዚህ የማያምታታ ሚዛን ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ የሚያምታታ ሚዛን ግን በፍጹም እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

የመጠይቅ አስተማማኝነት የሚመረመረው በተለያየ መንገድ ነው። አንዱ ያንኑ መጠይቅ ለያንዳንዱ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ማቅረብና መልሶቹን ማነጻጸር ነው። ሌላው ሁለት ጠያቂዎች ከአንድ ሰው ተመሳሳይ ውጤት ማግኘታቸውን ማየት ነው። ሦስተኛው ስለ አንድ ችግር የሚጠይቁት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን በስሌት መመርመር ነው። ለዚህ ስሌት በሰፊው የሚሠራበት «የክሮንባክ አልፋ» እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካዊው ሊ ክሮንባክ የቀረበ ሲሆን፣ ውጤቱ ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ጥያቄዎቹ ተስማምተዋል ማለት ነው።

የትክክለኛነት ፈተና ከዚህ ይከብዳል። ሚዛኑን ልኩ ከታወቀ ድንጋይ ጋር ማመሳከር እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ መጠይቁም የሚመሳከርበት ነገር ይሻል። ይህ ማመሳከሪያ ብዙ ጊዜ የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያደርገው ሰፊ ቃለ ምልልስ ነው። ባለሙያው የመጠይቁን ድምር ሳያውቅ ሰዎቹን ይመረምራል፤ ከዚያም መጠይቁ ያመለከታቸውና ባለሙያው ያገኛቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይታያል።

ቃሉ ሲተረጎም ሐሳቡ ሲቀር

ጥሩ ትርጉም በአንድ ሰው ብዕር አይጠናቀቅም። በተለመደው አሠራር አንድ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ተርጓሚ ደግሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተዛባው ቦታ ይታያል። ከዚያም ባለሙያዎች ተሰብስበው ያርሙታል፤ በመጨረሻም ለጥቂት ነዋሪዎች ይነበብና «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለዎት?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሆኖም ብዙ ስሕተት የሚገኘው በዚህ ነው። «ድብርት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በሐኪም አፍ ከባድ የመንፈስ መጫን ነው። በከተማ ወጣት አፍ ግን «ደበረኝ» ማለት «ሰለቸኝ» ወይም «አልወደድኩትም» ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ከገባ፣ ሁለት ሰዎች «አዎ» ቢሉም የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ቃሉ ትክክል ሆኖ ኑሮው የማይገጥምበት ጊዜም አለ። በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚሠራበት «ፒኤችኪው-9» የተባለ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሐሳብን ስለ ማሰባሰብ ሲያነሳ በእንግሊዝኛው ጋዜጣ ማንበብንና ቴሌቪዥን ማየትን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ጋዜጣ ለማያነብና ቴሌቪዥን በቤቱ ለሌለው ሰው ምሳሌው ባዶ ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ የሚባለውን መከታተል ወይም በገበያ ላይ ገንዘብ ሳይሳሳቱ መቁጠር ለዚህ ሰው የበለጠ ይቀርባል።

ሌላው ጥያቄ ስለ ምግብ ፍላጎት ነው። ምግብ ቀርቦለት ያልበላለት ሰውና ጎተራው ስለተሟጠጠ የቀነሰ ሰው አንድ አይደሉም። የጾም ወቅትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ስለ ድካም የሚጠይቀውም በአረምና በአጨዳ ወራት ሲቀርብ፣ ከሕመም ይልቅ የሥራ ጫናን ሊለካ ይችላል። ጊዜን በገበያ ቀን ለሚቆጥር ሰው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ከማለት «ካለፈው ገበያ በፊት ከነበረው ገበያ ወዲህ» ማለት ይቀላል። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ቢመስሉም ተደምረው ውጤቱን ያዛባሉ።

ቡታጅራና አዲስ አበባ ያሳዩት

ይህ ሥጋት የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ እንዳልሆነ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በገጠር የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በሁለት መጠይቆች ፈተኑ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 በብሪታንያ የተዘጋጀው የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መጠይቅ ነው፤ ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው።

በመጀመሪያው ዙር 101 ሴቶች ተሳተፉ። የኤድንብራው መጠይቅ የታመመችውን ካልታመመችው የመለየት አቅሙ 0.62 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት አንዲት የታመመችና አንዲት ያልታመመች ሴት በዕጣ ቢወሰዱ፣ መጠይቁ ለታመመችው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጠው ከ100 ጊዜ 62 ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው 50 ጊዜ ያህል ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅቱ መጠይቅ 0.82 በማግኘት የተሻለ ሆነ። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ዙር በ119 ሴቶች ላይ ሲደገም ወደ 0.70 ዝቅ አለ። የሕመም መለያ ሆኖ የተገኘው ነጥብም በመጀመሪያው ዙር 3፣ በሁለተኛው 7 ሆነ። በአንድ አካባቢ እንኳን አንድ ቁርጥ ያለ ወሰን ማበጀት አልተቻለም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ነው። የኤድንብራው መጠይቅ በከተማዋ በወለዱ እናቶች ላይ ሲፈተን መልካም የመለየት አቅም አሳየ። በገጠር ያልሠራው መጠይቅ በዚያችው አገር ከተማ ውስጥ ሠራ ማለት ነው። ትምህርት፣ የአነጋገር ልማድና በቅጽ ለሚቀርቡ ጥያቄዎች ያለው ልምድ በከተማና በገጠር ስለሚለያይ፣ «በኢትዮጵያ ተፈትኗል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ዋስትና አይሆንም።

በአማርኛ የተዘጋጀው ፒኤችኪው-9 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በጥናቱ 926 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። የጥያቄዎቹ ስምምነት 0.81፣ ደግሞ ሲጠየቅ የተገኘው መመሳሰል 0.92 ነበር፤ በአስተማማኝነት በኩል ጥሩ ውጤት ነው። የመለያው ነጥብ 10 ሲሆን፣ ድባቴ ካለባቸው ከ100ው 86ቱን አገኘ። ከሌለባቸው ግን በትክክል «የለባቸውም» ያለው ከ100ው 67ቱን ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹን 33ቱን ያለቦታቸው አስገብቷቸዋል። አስተማማኝ መሆን ብቻውን ከስሕተት እንደማያድን ይህ ያስረዳል።

የአፋን ኦሮሞው መጠይቅ

ለምዕራብ ሸዋ ይበልጥ የሚቀርበው በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀው ፒኤችኪው-9 ነው። በጅማ አካባቢ በ246 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የመለያ ነጥቡ 8 ሲሆን መጠይቁ ድባቴ ያለባቸውን 80.8 በመቶ፣ የሌለባቸውን ደግሞ 79.5 በመቶ በትክክል ለይቷል። በአዲስ አበባ 10 የነበረው ወሰን እዚህ 8 መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ድምሩ 9 የሆነ ሰው በአንዱ ወሰን ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ በሌላው ለምርመራ ይላካል።

እነዚህ መቶኛዎች በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ ለማየት አንድ ስሌት ይረዳል። 1,000 ነፍሰ ጡሮች ተጠየቁ፣ ከእነሱም 100ው ድባቴ አለባቸው ብለን እናስብ። መጠይቁ ከ100ው 81ዱን ያገኛል፤ 19ኙ ያመልጡታል። ከቀሪዎቹ 900 ጤነኞች 184ቱን ያህል ደግሞ «ሥጋት አለባቸው» ይላል። በጠቅላላው ለምርመራ የሚላኩት 265 ሲሆኑ፣ በእርግጥ ድባቴ ያለባቸው ከሦስት አንድ አይሞሉም። መጠይቁ እንደ ወንፊት ነው፤ ገለባውን ይቀንሳል እንጂ ፍሬውን ብቻ አይተውም። የመጨረሻው ቃል የባለሙያው ምርመራ ነው።

ይህን መጠይቅ ከጅማ አንሥቶ ወደ አምቦ ማምጣት መልካም መነሻ ቢሆንም መድረሻ አይደለም። ቋንቋው አንድ ሆኖ የአካባቢ አነጋገር ይለያያል። የተፈተነው በነፍሰ ጡሮች ላይ ስለሆነም ለሽማግሌዎች፣ ለወንድ ገበሬዎች ወይም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወሰኑ ያው 8 ይሆናል ማለት አይቻልም። በዞኑ ከተሞች ደግሞ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ተጠያቂው በየትኛው ቋንቋ ስሜቱን በነጻነት እንደሚገልጽ መጀመሪያ ሊጠየቅ ይገባል። ጠያቂው በቦታው ላይ እያነበበ ከራሱ ቢተረጉም፣ ተፈትኖ የመጣው መጠይቅ ወዲያው ሌላ መጠይቅ ይሆናል።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

ትክክለኛ ልኬት የሚገኘው በባለሙያው ጥረት ብቻ አይደለም። ጎረቤት፣ ባል ወይም አማት በተቀመጠበት የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። «አዎ» ባልኩ ቁጥር እርዳታ ይመጣልኛል ብሎ ማሰብም፣ ስሜ ይጠፋል ብሎ መደበቅም ውጤቱን ያዛባል። ስለዚህ ተጠያቂው የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቅማል፦

• ጥያቄዎቹ ብቻውን በሆነበት ቦታ እንዲቀርቡለትና በሚቀናው ቋንቋ እንዲነበቡለት መጠየቅ።

• ያልገባውን ጥያቄ ሳይመልስ «ድገሙልኝ» ማለት፤ በግምት መመለስ ከዝምታ ይብሳል።

• የጎደለው ምግቡ ወይስ ፍላጎቱ፣ ያደከመው ሥራው ወይስ ሕመሙ መሆኑን ለይቶ መናገር።

• መጠይቁ ለጥናት ወይም ለሕክምና መሆኑን፣ መልሱንም ማን እንደሚያየው መጠየቅ፤ በጥናት ላይ መሳተፍ በፈቃድ ነው።

• ድምሩ ከፍ ካለ «ቀጥሎ ማን ይመረምረኛል?» ብሎ መጠየቅ።

መጠይቁን ይዞ የሚመጣው ተማሪ፣ ተመራማሪ ወይም ጤና ባለሙያም ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል። መጠይቁ በየትኛው ቋንቋና በእነማን ላይ እንደተፈተነ፣ የሚጠቀምበት የመለያ ነጥብ ከየት እንደመጣ፣ ከወሰኑ በላይ የሆኑትን ሰዎች ወዴት እንደሚልክ ማሳየት አለበት።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ድምርን አይጠብቅም። በፒኤችኪው-9 የመጨረሻው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ስለሚል ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ላይ «አዎ» ያለ ሰው ጠቅላላ ነጥቡ ዝቅተኛ ቢሆንም ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ መድረስ ይገባዋል። መጠይቅ ያልቀረበለትም ሰው ቢሆን ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና ሥራውንና እንቅልፉን ከነሣው፣ ማንም ቅጽ ይዞ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ይችላል።