ከጭነት በታች ያለው ጥቁር ልባስ

ፒክአፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተሩን ያስነሳል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ወንበሩን ይደባብሳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራውን የኋላ መጫኛ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ብሎኬት የሚወረወረው፣ ፌሮ የሚጎተተው፣ ማዳበሪያ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካው ቀለም ደግሞ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ አንድ የብሎኬት ጠርዝ ጭሮ ብረቱን ያወጣዋል።

ለዚህ የተሠራው መድኃኒት ተረጭቶ የሚደርቅ ወፍራም ልባስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ራይኖ ላይኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ላይን-ኤክስ ደግሞ በ1993 ተመሠረቱ። ኬሚስትሪው ግን ከእነሱ ይቀድማል፤ ጀርመናዊው ኦቶ ባየር ልባሱ የሚሠራበትን ፖሊዩሬቴን ያገኘው በ1937 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አይሶሳያኔትና ሬዚን የተባሉ ሁለት ፈሳሾች በየራሳቸው ቱቦ ሞቀው፣ በከፍተኛ ግፊት መጥተው መርጫው ውስጥ ይቀላቀላሉ። ፈጣኑ ዓይነት ብረቱ ላይ ባረፈ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ሸካራ ስለሆነም ዕቃ አያንሸራትትም።

መርጨቱ ይህን ያህል ነው። ሰው በቪዲዮ የሚያየውም ይህንኑ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ብዙ ባለመኪና ልባሱ ወፍራም ስለሆነ የዛገውን ሁሉ ሸፍኖ ይገላግለኛል ብሎ ያምናል። ዝገት ግን ስለተሸፈነ አይሞትም። ተንኮትኩቶ ሊወድቅ በተዘጋጀ ዝገት ላይ የተረጨ ልባስ የሚይዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም። ዝገቱ ሲላቀቅ አብሮ ይነሳል፤ በተነሳው ጠርዝ ውሃ ይገባል፤ ከላይ አዲስ የሚመስለው መጫኛ ከሥር ይበላል።

ስለዚህ የባለሙያው ጉልበት የሚያልቀው መርጫው ከመነሳቱ በፊት ነው። ብሎኖችና ማሰሪያ ቀለበቶች ይፈታሉ። ዘይትና ሰም በማጽጃ ይታጠባል፤ ሰዎች መኪና ለማብረቅ የሚቀቡት ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ በተለይ ክፉ ጠላት ነው። ዝገት እስከ ንጹሕ ብረት ተፍቆ አንቲራስት ይቀባል። ጤነኛው ቀለምም ቢሆን አይተርፍም፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ አንጸባራቂነቱ መጥፋት አለበት፤ ልባሱ የሚይዘው በጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ ነውና። ሰነፍ ሠራተኛ ሰፊውን ወለል ያሳምርና ማዕዘኖቹንና የሸንተረሮቹን ጎን ይዘላል። ልባሱ መላቀቅ የሚጀምረውም ከእነዚያው ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ከሥራው በኋላ ተመልሰው ይከፈታሉ። ብረቱ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ አይሶሳያኔት ውሃ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጥር ልባሱ አረፋ ይቋጥራል።

ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ «ስንት ሰዓት ትፈገፍጋላችሁ?» ብሎ ቢጨምር ብዙ ይተርፍለታል። ግን ማን ይጠይቃል? ጥያቄው ሁሉ ስለ ቀለሙ ነው።

በርካሽ የሚገኘው አማራጭ፣ ተገጣሚው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ሌላ ታሪክ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙን ይፈትጋል፤ ከሥሩም አሸዋና እርጥበት ያቁራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያነሳው ሰው የሚያገኘው ደስ አይልም። ከዚህ የባሰም አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳስጠነቀቀው፣ እንዲህ ባለ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ቤንዚን የሚሞላ ጄሪካን የስታቲክ ኤሌክትሪክ ክምችቱ ወደ መሬት ስለማያልፍ ሊፈነጥቅና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጄሪካን መሬት ላይ ወርዶ ይሞላል፤ ለማውረድ መስነፍ ምክንያት አይሆንም።

በመርጨቱ ሥራ ላይ ደግሞ አደጋው የሚደርሰው በሠራተኛው ነው። የአይሶሳያኔት ብናኝ አስም ያስይዛል፤ አንድ ጊዜ የተቆጣ ሳንባ በኋላ በጥቂቱም ይታፈናል። ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ የመኪና መጫኛ ልባስ ሲረጭ የቆየ ሠራተኛ በአስም መሞቱን ዘግቧል። ደህና ጋራዥ የተለየ ክፍል፣ አየር መሳቢያና ከውጭ ንጹሕ አየር የሚቀበል ጭንብል አለው። ሠራተኛው በአፉ ላይ ጨርቅ አስሮ ሲረጭ የሚያይ ባለመኪና ቁልፉን ተቀብሎ ሌላ ጋራዥ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ለሰው ሳንባ ያልተጠነቀቀ ለብረቱ ማዕዘን ይጠነቀቃል ማለት ዘበት ነው።