ቅጠሉ ከድስቱ ሲርቅ

የበርበሬ ዝግጅት በሚደራበት ወቅት መርካቶ ወይም ሾላ ገበያ የወጣ ሸማች በሶብላውን፣ ኮሰረቱንና ጦስኙን በየማዳበሪያው ሞልቶ ያገኘዋል። ባልትና የምታውቅ ሴት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ ታሸውና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። የምታጣራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽታው አለ ወይስ ሄዷል? መልኩ እንዳለ ሆኖ ሽታው ያለቀ ቅመም ገበያ ላይ ሞልቷል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ወጡ ሲፈዝበት መጠኑን እየጨመረ ይቀጥላል። መዓዛማ ቅጠላ ቅጠልን በቤት ስለማልማት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ፤ አንደኛው ወጪ ይቀንሳል የሚል፣ ሁለተኛው መድኃኒት ነው የሚል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ቢኖራቸውም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ቅጠሉ ከድስቱ ሲርቅ የምናጣው በመጀመሪያ መዓዛውን፣ ቀጥሎም ከተክሉ ጋር ያለንን ትውውቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ በገንዘብ መልሶ መግዛት አስቸጋሪ ነው።

ከመዓዛው እንጀምር። አንድን ቅጠል መዓዛማ የሚያደርገው በውስጡ ያለ፣ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ዘይታቸውን የሚይዙትም በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ፣ ዓይን በማይለያቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሽታው ቦግ የሚለው ከረጢቶቹ ስለሚፈነዱ ነው። የጦስኙን ሽታ የሚሰጡት በዋናነት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ የጓሮ ኮሰረት ደግሞ በሊናሉል የታወቀ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሙቀት ባገኙ ቁጥር ይተናሉ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ የተሰጣ፣ በጭነት መኪና የተጓዘ፣ በመጋዘን ወራት የከረመ ቅጠል በየደረጃው ከዘይቱ ይጎድላል። ተፈጭቶ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ከረጢቶቹ አስቀድመው ስለተሰባበሩ የሚያልቀው በጣም በፍጥነት ነው። በቤት የበቀለ ቅጠል ግን ከተቆረጠበት እስከ ድስቱ ያለው መንገድ የደቂቃዎች ነው። ለማቆየት ከተፈለገም በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ ሳይደራረብ ይሰጣል፤ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር እንደ ደረቀ ይታወቃል። ከዚያ ሳይደቅቅ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ጨለማ ቦታ ይቀመጥና የሚታሸው በሚገባበት ቀን ይሆናል።

የአበሻ ማድ ቤት ይህን የዘይት ጠባይ ያለ ቤተ ሙከራ ደርሶበታል፤ ቅቤ አነጣጠሩን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ለጋው ቅቤ በመለስተኛ እሳት ይጣዳል፤ አረፋው ይነሳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ መንጣጣቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማውና እርዱ ገብቶ ቅቤው ከሥሩ እንዳያር እሳቱ ረገብ ይላል፤ ሲጠራ ይጠለላል። በዚህ ሂደት የቅጠሉ ዘይት ወደ ቅቤው ይገባል፤ መዓዛማ ዘይት በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ በስብ ውስጥ ግን ደህና አድርጎ ይሟሟል። ለዚህ ነው ደህና የተነጠረ ቅቤ የኮሰረትን ሽታ ለወራት የሚይዘው። ያው ኮሰረት በውሃ ለረጅም ጊዜ ቢንተከተክ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል፤ ቤቱን ያወደው ሽታ ግን ከድስቱ የወጣ ሽታ ነው። የጥብስ ቅጠል በጋለ መጥበሻ ላይ ከሥጋው ጋር የሚጣለው ጠንካራ ቅጠሉ ሙቀት ስለሚችል ነው። የጤና አዳም ቅርንጫፍ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ስኒው ውስጥ ገባ ብሎ የሚወጣው ደግሞ ያችው ጥቂት ንክኪ ስለምትበቃ ነው። እያንዳንዱ ልማድ የራሱ የሆነ ሰዓትና መጠን አለው፤ ይህን የሚያውቀውም ተክሉን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ትውውቅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በሶብላ በደንብ ያሳያል። ከውጭ የሚመጡ የአትክልተኝነት መመሪያዎች በሶብላ አበባ ማውጣት ሲጀምር አናቱን ቀንጥቡ ይላሉ፤ ተክሉ ለአበባ የሚያውለውን ጉልበት ለቅጠል ያውለዋልና። ቅጠሉን ትኩሱን ለሰላጣ ወይም ለፓስታ ስጎ ለሚፈልግ ሰው ምክሩ ትክክል ነው። ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለቅቤ ለሚፈልገው ግን ምርቱን ያሳጣዋል፤ ምክንያቱም የኛ ባለሙያዎች የሚያደርቁት በዋናነት አበባውን ከነፍሬው ነው። ስለዚህ ሁለት ሥር ዘርቶ አንዱን እየቀነጠቡ ትኩሱን መብላት፣ ሌላውን አፍክቶ ፍሬ እስኪይዝ መተው ይሻላል። ከፍሬው ጥቂቱን ለዘር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ ዘር ፍለጋ አይወጣም። እንዲህ ያለውን ነገር በማሸጊያ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ ማግኘት አይቻልም።

አለማመዱም ከባድ አይደለም። ለአብዛኞቹ ከሁሉ የሚቀድመው ፀሐይ ነው፤ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥታ ብርሃን ያገኘ ተክል ቅጠሉ ይወፍራል፣ ሽታውም ይበረታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች በበጋው ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ከጥቅምት እስከ የካቲት ብርሃን ይጠግባል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ደግሞ የጠዋቷን ፀሐይ ያገኛል። አንገቱ የተቆረጠ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለአንድ ሥር ጤና አዳም ይበቃል፤ ከሥሩ ግን ተበስቶ ውሃው መውጫ ማግኘት አለበት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ለብዙዎቹ ይስማማል፤ ድንጋያማ ተዳፋት ለለመደው ለጦስኝና ለጥብስ ቅጠል አሸዋው በርከት ይበል። የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረትና ዳማከሴ ከጤናማ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ እርጥብ አፈር ውስጥ በመትከል ይራባሉ። ጠጅ ሳር ከነሥሩ ይገመሳል። ናና ጎረቤቱን እየወረረ ስለሚሄድ ለብቻው ዕቃ ይሰጠው።

የጀማሪን ተክል ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ፍቅር ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ተክል ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ባለቤቱ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል። ጣትን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቶ እርጥበት መኖሩን ማረጋገጥ ከማንኛውም የቀን ቀጠሮ ይሻላል። ማዳበሪያ ማብዛትም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ሽታው ይሳሳል። በክረምት ዕቃውን ከዝናቡ ከለል ማድረግ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ የማይችለውን በሶብላ ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ይገባል።

እዚህ ላይ የከተማ ሰው የሚያነሳው ቅሬታ አለ። ቦታ የለም፣ ውሃውም በፈረቃ ነው፣ አንድ እስር ጤና አዳም ደግሞ ከጉልት በጥቂት ብር ይገኛል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ግን መዓዛማ ቅጠል እንደ ጎመን በየቀኑ በእቅፍ የሚታጨድ አይደለም። ለቤተሰብ ቡና የሚያስፈልገው አንድ ቅርንጫፍ ስለሆነ አንድ ሥር ዓመቱን ይዘልቃል። ለውሃውም አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ይበቃል፤ ሳሙናና በረኪና የገባበት ግን አይሆንም። ርካሽ ነው የሚለው ደግሞ ዋጋውን ሁሉ አይቆጥርም። ከገበያ የመጣው ቅጠል የት እንደበቀለ ገዢው አያውቅም፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከባድ ብረቶች ማግኘታቸው ይህ ባዶ ሥጋት እንዳልሆነ ያሳያል። በእርግጥ መንገድ ዳር ያለ በረንዳም አቧራና ጭስ ይደርሰዋልና ቅጠሉ ታጥቦ ነው የሚገባው። በሌላ በኩል ጦስኝ በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። በባሌ ተራሮች፣ በመንዝና በጣርማ በር አካባቢ ባሉ ደጋዎች የሚበቅለው ይህ ተክል ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ፣ ተቆርጦ ሲወሰድ ያገግማል፣ ከነሥሩ ሲነቀል ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። ፍላጎቱ በጨመረ ቁጥር ጫናውም ይጨምራል፤ በቤት የተተከለ እያንዳንዱ ሥር ይህን ጫና በመጠኑ ያቀለዋል።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ከሌላ ወገን ይመጣል። አባቶቻችን በነዚህ ቅጠሎች ይድኑ ነበር፤ ወደ ቅመምነት ማውረድ እውቀታቸውን መናቅ ነው የሚል። እንዲያውም የባህል ሐኪሞች እውቀት ትልቁ ክፍል ልክን ማወቅ ነበር፤ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል፣ ከምን ጋር። ልኩ ሲጠፋ የሚከተለውን ኮሶ ያስተምረናል፤ ለኮሶ ትል ፍቱን የነበረው ይኸው መድኃኒት መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከመጉዳት መድረሱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ጤና አዳምም በቡና ስኒ ውስጥ ገብቶ ሲወጣና እፍኝ ሙሉ ተፈልቶ ሲጠጣ አንድ አይደለም። በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ስለሚያነሳሳ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ለጨቅላ ሕፃን መስጠቱም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

የሕዝብ እውቀት የሚከበረው ሲመረመር ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው አላለፉም፤ ዓመታት የፈጀ ምርምር አደረጉበት፣ እንዶዱ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድልም አረጋገጡ። የአሪቲ ዘመድ የሆነው አርቴሚሲያ የተባለው የቻይና ተክል ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ ተነስተው የወባ መድኃኒት ያገኙት ቅጠሉን ማፍላት ትተው በዝቅተኛ ሙቀት ንጥረ ነገሩን ማውጣት ከቻሉ በኋላ ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም የዚህን ቅጠል ሻይ ለወባ አይመክርም፤ በስኒው ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ ያልተሟላ መጠን ደግሞ በሽታውን አያድንም። ስለዚህ ምች ያመመው ሰው ዳማከሴ ጨምቆ ቢያሸት ወይም በቡና ቢጠጣ ምቾት ሊያገኝበት ይችላል፤ ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግን በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ቅጠሉ ምርመራውን የሚያዘገይ ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከሀገር ርቀው ለሚኖሩም ነገሩ ያው ነው፤ የአየር ጠባዩ ብቻ ይለያል። በእስራኤል ጤና አዳም ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተወላጅ ዕፅዋት አንዱ ስለሆነ ያለ ችግር ይበቅላል፤ በብርቱው የበጋ ፀሐይ ሲቆርጡት ግን ጓንት ማድረግ ይጠቅማል። በአሜሪካና በአውሮፓ ችግኝ መሸጫዎች የሚገኘው የቅርብ ዘመዱ ሲሆን ቅዝቃዜን ደህና ይችላል። በሶብላና ኮሰረት ግን ክረምቱን በመስኮት ሥር ማሳለፍ አለባቸው። በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ደግሞ ጠላቱ የቀትሩ ሐሩር ነው፤ እዚያ ጥላ እንጂ ተጨማሪ ፀሐይ አይፈለግም።

መጀመር የሚፈልግ ሰው በሦስት ቢጀምር ይበቃዋል። ጤና አዳም ለቡናው፣ የጥብስ ቅጠል ለሥጋው፣ በሶብላ ለቅቤውና ለሽሮው። ከጎረቤት ቅርንጫፍ መጠየቅ ወይም ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ይቻላል። አንድ ሙሉ ዓመት ሲያያቸው መቼ እንደሚያብቡ፣ መቼ ሽታቸው እንደሚበረታ፣ ምን ያህሉ እንደሚበቃ ይረዳል፤ አራተኛውን መጨመር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አሥር ዓይነት ተክል በረንዳ ላይ ደርድሮ የትኛው ለምን እንደሆነ ከማያውቅ ቤት ይልቅ ሦስቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቤት የተሻለ ይበላል፣ ከጉዳትም ይጠበቃል። ልጆችም ቅጠሉን ከነስሙ፣ ከነልኩና ከነጥንቃቄው የሚማሩት በእንዲህ ያለ ቤት ነው።