የተበላሸ መጫወቻ፤ ማሠራት ወይስ መለወጥ?

በየቤታችን የልጅ መጫወቻ ሲበላሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሰበረው?» የሚል ነው። ልጁም «አልጣልሁትም» ብሎ ቢምል የሚያምነው አያገኝም። እኛ ግን አንድ የታወቀ መሣሪያ ምሳሌ አድርገን፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት ብልሽቱን መመርመር እንደሚገባ ለአንባብያን ልናስረዳ እንወዳለን።

መሣሪያው ኔንቲዶ ስዊች ላይት የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነው። በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ ዋጋው 200 ዶላር ያህል ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ከወጣው ከስዊች የሚለየው መቆጣጠሪያዎቹ የማይነቀሉ፣ ከአካሉ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ነው። ስለዚህም በአውራ ጣት የሚገፋው ጆይስቲክ ሲታመም መሣሪያው በሙሉ ይታመማል።

ሕመሙም ይህ ነው፤ ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ብቻውን ይሄዳል። በጆይስቲኩ ውስጥ ትንሽ ብረት በካርቦን በተቀባ ንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ከመፋተግ ብዛት ንጣፉ ሲላላጥ ወይም አቧራ ሲገባበት የሐሰት ምልክት ይልካል። ይህም በመጫወት ብቻ ሊደርስ የሚችል ድካም እንጂ የግድ በመጣል የመጣ አይደለም። ተመሳሳይ ችግር በስዊች ተነቃይ መቆጣጠሪያዎች ላይ በመብዛቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ እ.ኤ.አ. በ2020 ደንበኞችን ይቅርታ ጠይቀዋል። እንግዲህ ሳይመረምሩ ጥፋቱን በልጅ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት አይሆንምን?

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ በመሣሪያው «ሴቲንግ» ውስጥ ያለውን የጆይስቲክ ማስተካከያ መሞከር ነው፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። መሣሪያው አልነሣ ያለ እንደ ሆነም ሌላ ቻርጀር ሳይሞክሩ ሞተ ማለት አይገባም። ዋስትናው ያላለፈ ከሆነ ከመክፈት በፊት ሻጩን መጠየቅ ነው። ካለፈም ጆይስቲኩ ብቻውን ሊለወጥ ይችላል፤ በማግኔት የሚሠራ፣ የማይፋተግ ዓይነትም ይገኛል። ነገር ግን ከውጭ ብሎኖቹ ሦስት ክንፍ ያላቸው ስላሉ በተራ ካቻቢቴ መታገል ያበላሻቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ሆኖም ውሃ ገብቶበት ዋናው ሰሌዳ የዛገ እንደ ሆነ፣ ወይም የጥገናው ዋጋ ከደኅና ያገለገለ መሣሪያ ዋጋ ጋር የተጠጋጋ እንደ ሆነ መለወጥ ይመረጣል። ባትሪው ያበጠ እንደ ሆነም ቻርጅ ማድረግ ወዲያው ይቁም፤ አይወጋ፣ በልጅ እጅም አይተው፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ልጁ ወራት የደከመበት የጨዋታ ውጤት የሚቀመጠው በካርዱ ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ነው። አስቀድሞ በኢንተርኔት ካልተቀመጠ፣ አሮጌው ገና በሚነሣበት ጊዜ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። ካርዶቹ ግን አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በስዊች 2 ላይም ይሠራሉ።

እንግዲህ ወላጆች ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው የጥገናውንና የአዲሱን ዋጋ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ እርሱም ሐሳቡን ይናገር። ያለ ጥፋቱ ተቈጥቶ እንደ ሆነም አባቱ «ልጄ፣ በድዬሃለሁ» ይበለው። መጫወቻው ቢሠራም ባይሠራም ይህች ቃል ከልጁ ልብ አትጠፋም እንላለን።