«ከረጢት»፣ «ቋት»ና «ድርቀት»፦ ደንዳኔ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ስለሚያጋጥም የመጸዳዳት ችግር የአማርኛ አሰያየም

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያስቸግሩት ረዣዥሞቹ የላቲንና የግሪክ ስሞች እንደሆኑ ይታሰባል። በበኩሌ ግን የሚያሰጉኝ ሁላችንም የምናውቃቸው አጫጭር ቃላት ናቸው። እንግዳ ቃል ሲያጋጥመው አንባቢው ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ የለመደውን ቃል ሲያነብ ግን የገባው መስሎት ያልፋል። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ቢሆንም ይህንኑ አጉልቶ ያሳያል።

በደንዳኔ የውስጥ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የሚቆይ የቁስለት ብግነት ያለባቸው፣ ወይም ወደ ካንሰር የሚለወጡ ብዙ እጢዎችን በዘር የወረሱ ሕሙማን አንዳንድ ጊዜ ደንዳኔያቸው እስከ መጨረሻው ጫፍ ድረስ ይወጣል። ከዚያም ሐኪሙ የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ያጥፍና ሁለቱን እጥፋቶች፣ እያንዳንዳቸውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጎን ለጎን በማገናኘት አንድ ሰፊ ማጠራቀሚያ ይሠራል፤ ይህንንም ከፊንጢጣ ጋር ያጋጥመዋል። ስፌቱ እስኪድን ድረስ በአብዛኛው ሆድ ላይ ጊዜያዊ ቀዳዳ ይከፈትና ሰገራው ከውጭ በሚለጠፍ የፕላስቲክ ከረጢት ይሰበሰባል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቀዳዳው ሲዘጋ ሰውየው እንደ ቀድሞው በተፈጥሮ መንገድ መጸዳዳት ይጀምራል።

ሥራው ረዥም ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን የሴንት ማርክ ሆስፒታል ፓርክስና ኒኮልስ ይፋ ያደረጉት ማጠራቀሚያ ሦስት እጥፋት ያለው፣ የ«ኤስ» ቅርጽ የያዘ ነበር፤ ከበታቹ የወጣችው ቱቦ መሰል አንገት ስትረዝም ትታጠፍ ስለነበር ብዙዎቹ ታካሚዎች ሰገራውን በቀጭን ቱቦ እየታገዙ ለማውጣት ተገደዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያና ባልደረቦቹ ሁለት እጥፋት ብቻ ያለውን የ«ጄ» ቅርጽ አቀረቡ፤ አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ዛሬ በስፋት የሚሠራው ይኸው ነው። አራት እጥፋት ያለው የ«ደብሊው» ቅርጽም አለ። ለዚህኛውስ የራሳችን «ሠ» በደንብ ትመስለው ነበር፤ ለ«ጄ» ግን ከፊደላችን የሚስማማ አላገኘሁም፤ «የተገለበጠ ከዘራ» ማለት ለገለጻ እንጂ ለስያሜ አይበጅም። ስለዚህ የላቲኑ ፊደል ስም እንዳለ ቢቆይ አልቃወምም።

የመጀመሪያው እንቅፋት የማጠራቀሚያው ስም ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል የሚተረጉሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚመጣላቸው «ከረጢት» ነው፤ ቃሉ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሆድ ላይ የሚለጠፈውም ከረጢት ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም የሚጠራ ጽሑፍ «ከመኝታ በፊት ከረጢቱን ባዶ ማድረግ» ብሎ ሲያዝ፣ ሕመምተኛው የትኛውን እንደሆነ ከምን ሊያውቅ ይችላል? የውጩ ከተነሣለት ወር የሞላው ሰው ትእዛዙ እርሱን እንደማይመለከት አድርጎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እኔ ለውስጡ «ቋት» እንዲባል አሳስባለሁ። ቋት በወፍጮ ቤት ዱቄቱ ወርዶ የሚጠራቀምበት ነው፤ ከላይ የመጣውን ተቀብሎ እስኪወሰድ ድረስ ያቆያል፤ የውስጡም ማጠራቀሚያ ሥራ ይኸው ነው። «ከረጢት» ለውጩ ብቻ ይቅር። ከዚህ ተነሥቶ «የቋት ብግነት»ና «የቋት መጋጠሚያ» ማለት ቀላል ይሆናል።

ተመሳሳይ ችግር «ፊንጢጣ» ላይ አለ። በተለምዶ ቃሉ መውጫውንም ከመውጫው በላይ ያለውን የደንዳኔ ክፍልም ይሸፍናል። በዚህ ቀዶ ጥገና ግን የላይኛው ሲወጣ መውጫው ይቀራል፤ ስለዚህ «ፊንጢጣው ተቆርጦ ወጥቶ ቋቱ ከፊንጢጣው ጋር ተሰፋ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወለዳል። የላቲኑ ስም «ቀጥ ያለ» ማለት ስለሆነ ከግእዝ «ርቱዕ አንጀት» ብሎ መፍጠር ይቻል ነበር፤ ሆኖም «ርቱዕ አንደበት»ን የለመደ ጆሮ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። «የደንዳኔ ጫፍ» ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን «ድርቀት» ነው። ቋት ያለው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ቢጸዳዳ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ግን ይቀመጣል፣ ጥቂት ይወጣዋል፣ ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ ያስቸኩለዋል፤ ቋቱ ፈጽሞ አልተራገፈም። ተርጓሚው ይህን «የሆድ ድርቀት» ካለው ቃሉ ራሱ የሌለ ምክንያት ያስገባል። ድርቀት መድረቅን ይናገራል፤ የዚህ ሰው ሰገራ ግን እንደ አጥሚት ወይም እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው፤ ያስቸገረው መድረቁ ሳይሆን መውጫ ማጣቱ ነው። ደጋግሞ መመላለሱን አይቶ «ተቅማጥ» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። ጉዳቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ «ድርቀት» የተባለ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይገዛል፤ ደንዳኔ የሌለው ሰው ደግሞ ውሃና ጨው መልሰው ከሚመጡለት አካላት አንዱን ስላጣ በቶሎ ይደክማል። «ተቅማጥ» የተባለው ማቆሚያ ይወስድና የባሰ ይታፈናል። ስለዚህ «የቋት አለመራገፍ» የሚለውን አቀርባለሁ። ጭነት ይራገፋል፤ «አልራገፍ አለኝ» የሚለውንም ሕመምተኛው ያለ አስተማሪ ይለዋል።

የአለመራገፍ ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸውና ስሞቻቸው መለየት አለባቸው። ቋቱ ከፊንጢጣ የተሰፋበት ቦታ ጠባሳ ሠርቶ ሲጠብብ «የመጋጠሚያ ጥበት» ነው፤ ሐኪም በመሣሪያ ወይም በጣት ያሰፋዋል። ከደንዳኔ ጫፍ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀርቶ ይሆናል፤ ቋቱ ታጥፎ ወይም ተጠማዝዞም ይሆናል። በሌላው ሰው ላይ ደግሞ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ መላላት የነበረባቸው የዳሌ ወለል ጡንቻዎች በዚያው ሰዓት ይኮማተራሉ፤ ይህ በስፌት ሳይሆን በሥልጠና የሚታከም ነው። ብግነትም «ገና አልጨረስኩም» የሚል ስሜት ብቻውን ሊያመጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ስለሆነ ጽሑፉ አንዱን መርጦ መናገር የለበትም።

ወደ ግሦቹ ስንመጣ «ማማጥ» ሊጤን ይገባዋል። አማርኛ ለወላድም ለሰገራም የሚጠቀመው በዚህ ግሥ ነው፤ ለወላድ የሚነገረው ግን «አምጪ» ሲሆን እዚህ ምክሩ «አያምጡ» ነው፤ አጥብቆ ማማጥ ጡንቻውን ጭራሽ ይዘጋዋል። «ቀስ ብሎ ሆድን ወደ ፊት መንፋት፣ ትንፋሽን ሳያፍኑ ማውጣት፣ ታችን ማላላት» ተብሎ ቢዘረዘር ይሻላል። የውጭ ጽሑፎች ጉልበት ከዳሌ ከፍ እንዲል፣ ወገብ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ብዙ መስመር ይፈጃሉ፤ እኛ ግን «ቁጢጥ ማለት» አለን። እርግጥ ነው፣ እንደኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያለው ወንበር መሰል መቀመጫ ስለሆነ፣ «እግርን አጭር በርጩማ ላይ አድርጎ እንደ ቁጢጥታ መቀመጥ» ብሎ ማቃናት ያስፈልጋል። ከ10 ደቂቃ በላይ ተቀምጦ ከመታገል ተነሥቶ ጥቂት ተራምዶ መመለስም ይመከራል። ሐኪም ካዘዘና ካስተማረ ለስላሳ ካቴተር መጠቀም ይቻላል፤ «ካቴተር» በሆስፒታሎቻችን የተለመደ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር ትርፉ ድካም ነው።

በዚሁ ሰፈር ጆሮዬን ጣል ሳደርግ የምሰማው አነጋገር ለተርጓሚ ትምህርት ይሆናል። ሽማግሌዎቹ «ወገቤን ልሞክር» ወይም «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይላሉ፤ ወጣቶቹ «ሽንት ቤት» ወይም «ባኞ ቤት» ይላሉ፤ «ዓይነ ምድር» የሚለው ከመጽሐፍና ከክሊኒክ አፍ በቀር እምብዛም አይሰማም። ለሕመምተኛ በሚሰጥ ጽሑፍ «ሰገራ»ና «መጸዳዳት» ሳያሳፍሩ ይገባሉ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታና ማዕረግ አይለይም፤ የእኛ ግን «አድርግ» ወይም «አድርጊ» ለማለት ያስገድዳል፤ በእንዲህ ያለ ገመና ላይ እናትን ወይም አባትን አንተ ወይም አንቺ ብሎ ማዘዝ ነውር ስለሆነ «እርስዎ» ይመረጥ።

አንድ ቃል ይቀረኛል። «ጋዝም ሆነ ሰገራ መውጣት ካቆመ፣ ሆድ ከተነፋና ካስመለሰ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል» የሚለው የአንጀት መዘጋት ማስጠንቀቂያ ከሁሉም በላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነው። ሆኖም «ጋዝ» ለብዙው አንባቢ የምድጃ ነው፤ «ፈስ» ደግሞ ይታፈርበታል። በሌላ ቦታ «አየር» ማለት ይበቃል፤ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ከ«አየር» ቀጥሎ በቅንፍ «ፈስ» ተብሎ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።